የሐኪሙ ካርዶች፦ የተበሳ ካርድ በሕክምና መረጃ ታሪክ ውስጥ

በአገራችን አንድ ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ካርድ ማውጣት ነው። ሐኪም ዘንድ ከመቅረቡ፣ ሙቀቱ ከመለካቱና ደሙ ከመመርመሩ በፊት ስሙ፣ ዕድሜው፣ ጾታውና አድራሻው በወረቀት ላይ ይሰፍራል። በቀን ብዙ ሰው የሚያየው ሐኪም የሕመምተኛውን ፊት ሊዘነጋ ይችላል፤ ካርዱ ግን አይዘነጋም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው አባባል በካርድ ክፍል ውስጥ በየዕለቱ ይፈጸማል።

ካርድ ከመዝገብ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ባሕርይ አለው። በተጠረዘ መዝገብ ውስጥ የሰፈረ ሰው ከእርሱ በፊትና በኋላ ከተጻፉት ሰዎች ጋር እንደተጣበቀ ይኖራል። ካርድ ግን ለብቻው ይወጣል፣ ለብቻው ይገባል፣ ቦታውን ይለውጣል፣ ሲያረጅም በሌላ ይተካል። ይህ ቀላል የሚመስል ልዩነት የዛሬው የኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ካደገባቸው ሥሮች አንዱ ነው። ሥሩ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ሙታንን በየምክንያተ ሞታቸው ለመቁጠር ይደክም የነበረ የአንድ ሐኪም ቤት መሆኑ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ እምብዛም አይነገርም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሐኪም ካርዶች ታሪክ በአጭሩ ይዳስሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤተ መጻሕፍቱ ሐኪም

ዶክተር ጆን ሻው ቢሊንግስ በ1838 በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት ተወለዱ። በ1860 ከኦሃዮ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቀው በአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በቀዶ ሐኪምነት አገልግለዋል። በኋላም በዋሽንግተን በሚገኘው የጦር ሠራዊቱ ዋና ሐኪም ጽሕፈት ቤት ተመድበው ሲሠሩ የጽሕፈት ቤቱን አነስተኛ የመጻሕፍት ስብስብ የመምራት ኃላፊነት ተሰጣቸው። በእርሳቸው ጥረት ይህ ስብስብ በዓለም ካሉት ታላላቅ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አንዱ ለመሆን በቃ።

ይሁን እንጂ መጻሕፍትን መሰብሰብ አንድ ነገር ሲሆን በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለውን ዕውቀት ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ስለ አንድ በሽታ የተጻፈውን ሁሉ ለማወቅ የሚሻ ሐኪም በየአገሩ የሚታተሙትን መጽሔቶች አንድ በአንድ ሊያገላብጥ አይችልም። ስለሆነም ቢሊንግስና ረዳቶቻቸው የእያንዳንዱን ጽሑፍ ርእስ፣ ደራሲና የታተመበትን መጽሔት በተለየ ካርድ ላይ እያሰፈሩ ካርዶቹን በበሽታና በርእሰ ጉዳይ መደርደር ያዙ። ከነዚህ ካርዶች የተቀዳው «ኢንዴክስ ካታሎግ» የተሰኘው ታላቅ ማውጫ የመጀመሪያው ቅጽ በ1880 ታተመ። አሥራ ስድስተኛውና የመጀመሪያው ተከታታይ ኅትመት ማጠቃለያ የሆነው ቅጽ የወጣው ግን በ1895 ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ተከሰተ። ማውጫው የሚታተመው በፊደል ተራ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ቅጾች ታትመው ካለቁ በኋላ በነዚያው ርእሶች ላይ አዳዲስ ጽሑፎች መውጣታቸውን አላቋረጡም። በሳጥን ውስጥ ያሉት ካርዶች በየቀኑ አዲስ ካርድ ሊቀበሉ ይችላሉ፤ የታተመው መጽሐፍ ግን ከማተሚያ ቤት በወጣበት ቀን ማርጀት ይጀምራል። ለዚህም መፍትሔ ይሆን ዘንድ ቢሊንግስ ከዶክተር ሮበርት ፍሌቸር ጋር በመሆን በ1879 «ኢንዴክስ ሜዲከስ» የተባለውን በየወሩ የሚታተም ማውጫ አስጀመሩ። መረጃን ማከማቸትና መረጃን ማደስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደሆኑ፣ ሁለተኛው ከሌለም የመጀመሪያው ዋጋው እንደሚቀንስ ከሁሉ ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ እኚህ ሐኪም ነበሩ።

የአንድ እሑድ ምሽት ጨዋታ

ቢሊንግስ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥራ በተጨማሪ በ1880 በተካሄደው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የልደትና የሞት አኃዛዊ መረጃ ክፍልን ይመሩ ነበር። በዚያ ዘመን የቆጠራ ውጤት የሚወጣው በእጅ ነበር። ጸሐፊዎች የእያንዳንዱን ሰው ዝርዝር ከትልልቅ ቅጾች እያነበቡ በሌላ ወረቀት ላይ ጭረት ይጭራሉ፤ ከዚያም ጭረቱን ይደምራሉ። በሳንባ ነቀርሳ የሞቱትን በዕድሜ ለማወቅ አንድ ጊዜ፣ በጾታ ለማወቅ ሁለተኛ ጊዜ፣ በሥራ ዓይነት ለማወቅ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቅጽ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ግድ ይል ነበር። ሃምሳ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የተመዘገበበት የዚያ ቆጠራ ትንተና አብዛኛውን የዐሥርቱን ዓመታት ጊዜ ፈጅቷል።

በዚሁ መሥሪያ ቤት በ1860 በባፋሎ ከተማ የተወለዱና በ1879 ከኮሎምቢያ የማዕድን ትምህርት ቤት የተመረቁ ኸርማን ሆለሪዝ የተባሉ ወጣት መሐንዲስ ይሠሩ ነበር። ሆለሪዝ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1919 በጻፉት ደብዳቤ እንደገለጹት፣ አንድ እሑድ ምሽት በቢሊንግስ ቤት በእንግድነት ሻይ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሐኪሙ የሕዝብ ቆጠራንና የመሳሰለውን ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ የድምር ሥራ የሚሠራ ማሽን ሊኖር እንደሚገባ አነሱላቸው። የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ በካርድ ጠርዝ ላይ በሚቆረጡ ምልክቶች ማሳየት እንደሚቻልም ጠቆሟቸው። ሆለሪዝ ነገሩን አጥንተው ተመልሰው ሥራውን በጋራ እንዲይዙት ቢጠይቋቸው ቢሊንግስ ችግሩ መፍትሔ አግኝቶ ከማየት ያለፈ ፍላጎት እንደሌላቸው መለሱ። ሐሳቡን ሰጥተው ትርፉን ለሌላ ተዉ።

ካርድን መብሳት ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፈረንሳዊው ዦዜፍ ማሪ ዣካር የሐር ጨርቅ ጥለትን በተበሱ ካርዶች የሚመራ የሽመና መሣሪያ ሠርተው ነበር። ሆለሪዝም ሐሳባቸውን ያጠናከረላቸው በባቡር ሲጓዙ ያዩት ነገር መሆኑን ጽፈዋል። የባቡሩ ቲኬት ተቆጣጣሪ ትኬቱ እንዳይሰረቅ የእያንዳንዱን ተሳፋሪ መልክ፣ ማለትም የጠጉሩንና የዓይኑን ቀለም እንዲሁም የአፍንጫውን መጠን በቲኬቱ ላይ በቀዳዳ ይመዘግብ ነበር። ቀዳዳ ካለ «አዎን»፣ ከሌለ «የለም» ማለት ነው። ዛሬ ዲጂታል የምንለው የመረጃ አያያዝ መሠረቱ ይኸው ነው።

የባልቲሞር ሙታን

ሆለሪዝ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ማመልከቻ በ1884 አቀረቡ። በመጀመሪያ የሞከሩት በካርድ ሳይሆን ረጅም የወረቀት ጥቅል በመብሳት ነበር። ነገር ግን በጥቅሉ ውስጥ ያለን የአንድ ሰው መረጃ ለማግኘት ወይም ለማረም ጥቅሉን በሙሉ መተርተር ያስፈልጋል። የተጠረዘ መዝገብ ችግር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በመሆኑም ጥቅሉን ትተው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ወደሚለው ሐሳብ ተመለሱ።

የካርዱ የመጀመሪያ ፈተና የሞት መዝገብ ነበር። በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በባልቲሞር ከተማ የተመዘገቡ ሞቶች ወደ ካርድ ተገለበጡ። ሆለሪዝ ካርዶቹን የበሱት በቲኬት ተቆጣጣሪዎች የእጅ መብሻ ሲሆን፣ በቀን እጅግ ብዙ ካርድ ሲበሱ ውለው እጃቸው እስኪደነዝዝ ይደርስ ነበር። መብሻው ከካርዱ ጠርዝ አልፎ መግባት ስለማይችልም የካርዱ መካከል ያለ ሥራ ይቀር ነበር። ይህ ድካም በኋላ ጸሐፊው በሰሌዳ ላይ እጀታ እያንቀሳቀሰ የካርዱን የትኛውንም ክፍል የሚበሳበት መሣሪያ እንዲሠሩ አነሳሳቸው። ከባልቲሞር ቀጥሎ የኒው ጀርሲ ግዛትና የኒው ዮርክ ከተማ የጤና መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም የጦር ሠራዊቱ ዋና ሐኪም ጽሕፈት ቤት በዚሁ ዘዴ ተጠቅመዋል።

እንግዲህ በተበሳ ካርድ ከተቆጠሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል የባልቲሞር ሙታን ይገኙበታል። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ አንድ የታመመ ሰው፣ አንድ የሞት ማስረጃ የጻፈ ሐኪም፣ አንድም ሐዘን የተቀመጠ ቤተሰብ ነበር።

ከባዜቃ ኩባያ እስከ ሕዝብ ቆጠራ

ለ1890 ሕዝብ ቆጠራ ዝግጅት በ1889 በተደረገው ውድድር ሦስት ዘዴዎች ቀረቡ። ከሴንት ሉዊስ ከተማ በተወሰደ የ10,491 ሰዎች መረጃ ላይ በተደረገው ሙከራ የሆለሪዝ ዘዴ መረጃውን ወደ ካርድ ለመገልበጥ 72 ሰዓት ተኩል ያህል ሲወስድበት ተወዳዳሪዎቹ ከ110 እና ከ144 ሰዓት በላይ ወሰዱ። ከፍተኛው ልዩነት የታየው ግን በድምሩ ሥራ ላይ ነበር፤ ሌሎቹ ከ44 እና ከ55 ሰዓት በላይ ሲፈጅባቸው የሆለሪዝ ማሽን በ5 ሰዓት ተኩል ገደማ ጨረሰ።

የማሽኑ አሠራር ለመረዳት አያዳግትም። ጸሐፊው አንዱን ካርድ በመሣሪያው ላይ አስቀምጦ እጀታውን ወደ ታች ይስባል። በስፕሪንግ የተያዙ መርፌዎች ይወርዳሉ። ካርዱ ባልተበሳበት ቦታ የወረደው መርፌ በወረቀቱ ይገታል፤ ቀዳዳ ያገኘው ግን አልፎ በሥሩ ባለች ትንሽ ኩባያ ውስጥ ያለውን ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ ይነካል። በዚህ ጊዜ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ይገጥምና የመቁጠሪያው ሰዓት አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ደወል ይደወላል፤ ከጎን ካለው መደርደሪያ ሣጥን አንዱ ክዳን ይከፈትና ጸሐፊው ካርዱን እዚያ ይጨምራል። በዚህ ዘዴ ከ62 ሚሊዮን በላይ የሆነው የአሜሪካ ሕዝብ ተቆጠረ። ሆለሪዝ በ1896 የመሠረቱት ኩባንያ በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1924 አይቢኤም የሚለውን ስም ያዘ። በ1928 የወጣው ባለ 80 ዓምድ ካርድም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በዓለም ዙሪያ የመረጃ ዋነኛ ማደሪያ ሆኖ ኖረ።

ቀዳዳ አይደፈንም

የተበሳ ካርድ ኃይል የታወቀውን ያህል ድካሙም ሊታወቅ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ማሽኑ የጎደለውን እንጂ ሐሰቱን አያውቅም። ጾታው ያልተበሳ ካርድ ሲገባ ደወሉ ዝም እንዲል ማድረግ ይቻል ነበር። ነገር ግን የ40 ዓመቱ ሰው 50 ተብሎ ቢበሳ ደወሉ እንደ ወትሮው ይደወላል። በሞት ማስረጃ ላይ መነሻ የሆነውን በሽታ ትቶ «የልብ መቆም» ብሎ የጻፈ ሐኪም ካርዱን ትክክለኛ አስመስሎ ባዶ ያደርገዋል። ማሽኑ ይህንን ባዶነት በታላቅ ፍጥነት ይደምረዋል። በጽሑፍ ያለ የሚወረስ ከሆነ ስሕተቱም አብሮ ይወረሳል።

ሁለተኛ፣ ቀዳዳ አይደፈንም። በእርሳስ የተጻፈ ይጠፋል፤ የተበሳ ግን እንደተበሳ ይቀራል። መረጃው ሲለወጥ ያለው አማራጭ አዲስ ካርድ በስቶ አሮጌውን ማውጣት ብቻ ነው። ለሕዝብ ቆጠራ ይህ ከባድ ችግር አልነበረም፤ ቆጠራ የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነውና። የሕመምተኛ ሁኔታ ግን በየቀኑ ይለዋወጣል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብዙ ሆስፒታሎችና የምርምር ክፍሎች የዋለ ሌላ ዓይነት ካርድ ለዚህ ችግር የተሻለ መልስ ሰጠ። ይህ ካርድ በአራቱም ጠርዝ ዙሪያ ተበስቶ ይመጣል፤ መካከሉ ለእጅ ጽሑፍ ይተዋል። ሐኪሙ አዲስ ነገር ባገኘ ቁጥር የሚመለከተውን ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ቆርጦ ይከፍተዋል። በሌላ ጊዜ ያ ምልክት ያላቸውን ሕመምተኞች ለማግኘት ሲፈልግ ካርዶቹን አንድ ላይ ይዞ በቀዳዳው ረጅም መርፌ ያሳልፍና ያነሣል፤ የተከፈተው ካርድ ይወድቃል፣ ያልተከፈተው በመርፌው ላይ ይቀራል። ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ማሽን መረጃን ማከማቸት፣ ማደስና መፈለግ በአንድ ወረቀት ላይ ተቻለ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ድካም ካርዱ ማን በምን ዓላማ እንደሚጠይቀው አለማወቁ ነው። በሳንባ ነቀርሳ የሞቱትን የሚለይ ማሽን ሰዎችን በሃይማኖታቸውም ይለያል። በ1933 በጀርመን በፕሩሲያ የተካሄደው ቆጠራ የተሠራው በሆለሪዝ ካርዶች ሲሆን ሃይማኖት በካርዱ ላይ ከተበሱት መረጃዎች አንዱ ነበር። በ1939 ቆጠራ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ከአያቶቹ መካከል አይሁዳዊ ያለው መሆኑ ተጠየቀ። ማሽኖቹን በዚያ አገር ያከራይ የነበረው ኩባንያ ኃላፊ በ1934 ባደረጉት ንግግር የኩባንያቸውን ሥራ የሕዝቡን አካል ሕዋስ በሕዋስ ከሚመረምር ሐኪም ሥራ ጋር አመሳስለውታል። ካርዶቹ በኋላ በተፈጸመው ግፍ ስለነበራቸው ቀጥተኛ ድርሻ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ይሁንና ሐኪም ስለ ሕመምተኛው የሚያውቀውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው ከአንደበቱ አልፎ ካርዱንም የሚመለከት መሆኑን ይህ ታሪክ በግልጽ ያስተምራል።

ሁለቱ ካርዶች ተገናኙ

ቢሊንግስ በ1913 ዐረፉ። ትተዋቸው ያለፉት ሁለት ካርዶች፣ ማለትም የቤተ መጻሕፍቱ ካርድና በእርሳቸው ጥቆማ የተወለደው የተበሳ ካርድ፣ ለብዙ ዓመታት በየፊናቸው ተጓዙ። «ኢንዴክስ ሜዲከስ» እየተቋረጠና ስሙ እየተለዋወጠ ቀጠለ። ቤተ መጻሕፍቱም በ1956 ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሆነ። በዚያን ጊዜ የሕክምና ጽሑፎች ብዛት በእጅ ከሚደረደርበት መጠን አልፎ ነበር።

ዳይሬክተሩ ዶክተር ፍራንክ ብራድዌይ ሮጀርስ በመሩት ጥረት ከ1960 መባቻ ጀምሮ አዲሱ «ኢንዴክስ ሜዲከስ» በተበሱ ካርዶች መዘጋጀት ጀመረ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የአንድ ጽሑፍ ደራሲ፣ ርእስና መጽሔት በሰው ዓይን በሚነበብ ጽሑፍ ይታተማል፤ በዚያው ካርድ ላይ ማሽን የሚያነበው ቀዳዳም ይበሳል። ካርዶቹ በማሽን ተደርድረው በልዩ ካሜራ ፊት ሲያልፉ ካሜራው ቀዳዳውን አንብቦ ስንት መስመር ፎቶግራፍ ማንሣት እንዳለበት ይወስናል። ከፊልሙም የመጽሔቱ ገጽ ይወጣል። የየወሩ ካርዶች ከቀደሙት ጋር ተቀላቅለው እንደገና በመደርደር የዓመቱን ጠቅላላ ማውጫ ለማውጣት ያገለግሉ ነበር። ቢሊንግስን በ1879 ያስጨነቃቸው የማደስ ችግር ከ80 ዓመት በኋላ እርሳቸው ራሳቸው በጠቆሙት ዘዴ መፍትሔ አገኘ።

ይህ ግንኙነት ዕድሜው አጭር ነበር። በ1964 ሥራው ሜድላርስ ወደተባለው፣ መረጃን በማግኔት ጥቅል ወደሚይዘው የኮምፒዩተር ሥርዓት ተዛወረ። በ1971 ሜድላይን ተከተለ፤ በ1997 ደግሞ ፐብሜድ ለዓለም ሕዝብ ያለ ክፍያ ተከፈተ። የታተመው «ኢንዴክስ ሜዲከስ» በ2004 ማብቂያ ተቋረጠ። በ1962 መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ጽሑፎችም ዛሬ በዚሁ ቋት ውስጥ ይገኛሉ። በአንድ የገጠር ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ የሆነ ሐኪም በእጅ ስልኩ አንድ የበሽታ ስም ጽፎ ሲፈልግ የቢሊንግስን የካርድ ሳጥን እየከፈተ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከካርድ ክፍሉ መስኮት በስተጀርባ

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚሠሩበት የቤተሰብ ማኅደር ከዚህ ታሪክ ጋር ዝምድና አለው። ክትትል የሚያስፈልጋቸው እናቶችና ሕፃናት ካርዶች በወራት በተከፋፈለ ሳጥን ውስጥ በቀጣዩ ቀጠሮ ወር ሥር ይቀመጣሉ። የመጣችው እናት ካርድ ወደሚቀጥለው ቀጠሮዋ ወር ይሻገራል። ወሩ አልቆ ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ካርድ ከተገኘ ግን ባለካርዷ አልመጣችም ማለት ነው። እዚህ ላይ በካርዱ የተጻፈው ብቻ ሳይሆን ካርዱ ያለበት ቦታም መረጃ ነው። ባለሙያዋም ያንን ካርድ ይዛ ወደ እናቲቱ ቤት ትሄዳለች።

በብዙ ተቋማት ወረቀቱ ቦታውን ለኮምፒዩተር እየለቀቀ ነው፤ ይህም ሊደገፍ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ከባዜቃው ኩባያ እስከ ፐብሜድ ያለው ጉዞ የሚያሳየው ማደሪያው ቢለዋወጥም ሥራው አለመለወጡን ነው። ወረቀትም ሆነ ኮምፒዩተር በራሱ አይታደስም። የሞትን ትክክለኛ ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም፣ የተለወጠውን አድራሻ የሚያርም የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ያልተንቀሳቀሰውን ካርድ አይታ የምትነሣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከሌሉ ቋቱ ያረጀ መጽሐፍ ይሆናል። በባልቲሞር የሞት ካርዶችን የበሳ እጅ እስኪደነዝዝ የደከመው እያንዳንዱ ሟች ሳይዘለል እንዲቆጠር ነበር። በሕይወት ያለው ሕመምተኛ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይገባዋል፤ ካርዱ ትናንት የነበረበትን ብቻ ሳይሆን ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ሊናገርለት ይገባል።